ጋልቨስተን ቤይ ላይ ከካፒቴን ጋር ስፔክልድ ትራውት ማጥመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሂውስተን የምንኖር ሐበሾች ጋልቨስተንን የምናውቀው በአሸዋው በኩል ነው፤ ምንጣፍ አንጥፈን፣ ከሰል አያይዘን፣ ልጆቹ ከማዕበሉ ጋር ሲሯሯጡ። ለትራውት የሚወጣው ግን ከደሴቱ ጀርባ ነው፤ ከክፍቱ ባሕር ተከልሎ ወደ ውስጥ የገባው ሰፊው ውሃ፣ ጋልቨስተን ቤይ ላይ። እኔና ጓደኞቼ ጥቂት ዓመታት ካፒቴን እየያዝን ወጥተናል። ኤፕሪል በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚደርሱት ጥያቄዎች አንድ ዓይነት ስለሆኑ መልሱን እዚህ አስቀምጫለሁ።

ይሄ ትራውት የሚባለው ባሌ ያለው ዓሣ ነው?

አይደለም። በባሌ ተራሮች እነ ወይብና ደንካ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ፣ ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ስፔክልድ ትራውት ግን ሞቅ ያለ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ በዘሩ ሬድፊሽና ክሮከር ከሚባሉት የባሕር ዓሦች ወገን ነው። ትራውት ያሰኘው ጀርባውና ጅራቱ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ናቸው። ወንዱ ሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት በጡንቻው እየመታ ድምፅ ያወጣል፤ መጀመሪያ የያዝኩት እጄ ላይ «ኩርር… ኩርር» ሲል ደንግጬ መልሼ ውሃው ውስጥ ጥዬዋለሁ። ላይኛው መንጋጋ ላይ የውሻ ክራንቻ የመሰሉ ጥርሶች ስላሉት አፉ ውስጥ ጣት አይከተትም።

ዋጋው ስንት ነው? ስንት ዓሣስ ይዘን እንመለሳለን?

ግማሽ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ዶላር ነው። ይህ በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ትካፈሉታላችሁ። ዘንጉ፣ መንጠቆው፣ በረዶው ሁሉ የካፒቴኑ ነው። በመጨረሻ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ መስጠት ልማድ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ሄደው እጅ በእጅ ተጨባብጠው የመጡ ወዳጆች አሉኝ።

ዓሣውን በተመለከተ ሕጉ ጥብቅ ነው። በቴክሳስ አንድ ሰው በቀን መያዝ የሚችለው 3 ትራውት ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ከ15 እስከ 20 ኢንች። በእኛ አነጋገር ክንድ የሚሆነውን ያዙ፣ ከዚያ ብዙ ያነሰውንም የበለጠውንም መልሱ እንደማለት ነው። ከ28 ኢንች በላይ የሆነ ትልቅ ዓሣ ከተገኘ ፈቃዱ ላይ ባለው ታግ (ዓሣው ላይ በሚታሰር ምልክት) በዓመት አንድ ማስቀረት ይቻላል። ካፒቴኑ ሲመራችሁ የእሱ ድርሻ አይጨመርላችሁም። አራት ደንበኛ ካለ 12 ዓሣ፣ በቃ። ደንቡ ስለሚቀያየር የዓመቱን ከቴክሳስ ፓርኮችና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ላይ ማየት ነው።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። እዚህ ቤይ ላይ እስከ 2019 በቀን 10 ይፈቀድ ነበር፤ ከዚያ 5 ሆነ፣ በ2024 ደግሞ 3። መካከል ላይ የ2021ዱ የፌብሩዋሪ ቅዝቃዜ መጣ። እኛ መብራት ጠፍቶብን በብርድ ልብስ ተጠቅልለን የተቀመጥንበት ሳምንት እኮ ነው፤ በዚያው ሳምንት በቴክሳስ ጠረፍ በትንሹ 3.8 ሚሊዮን ዓሣ እንደሞተ መሥሪያ ቤቱ ገምቷል። ትራውት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ብርድ ድንገት ሲይዘው አይችለውም። ትልልቆቹ ደግሞ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ እንቁላል የሚጥሉት እነሱ ስለሆኑ ሕጉ ከ20 ኢንች በላይ ያለውን የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

አንድ ጓደኛችን ጀልባው ላይ ስልኩን አውጥቶ 600 ለ12 አካፍሎ «አንዱ ዓሣ 50 ዶላር!» ብሎ ጮኸ። ሒሳቡ ልክ ነው። ዓሣ መግዛት ከሆነ የተፈለገው ቆሮሶ በየሱፐርማርኬቱ አለ። እዚህ የሚከፈለው ውሃ ማንበብ ለሚችል ሰው ነው።

«ውሃ ማንበብ» ስትል ምን ማለትህ ነው?

ጋልቨስተን ቤይ ወደ 600 ስኩዌር ማይል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ2 እስከ 3 ሜትር ቢሆን ነው። ላዩን ብታዩት ሁሉም አንድ ዓይነት ቡናማ ውሃ ነው። ከሥሩ የኦይስተር (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) ክምር አለ፣ ጭቃ አለ፣ መርከቦች እንዲያልፉበት የተቆፈረው ጥልቅ ቦይ አለ። ትሪኒቲና ሳን ሃሲንቶ ወንዞች ጨው የሌለው ውሃ ያስገባሉ፤ ዝናብ ሲበዛ ትራውቱ ጨው ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። በ2008 አይክ የተባለው ሀሪኬን ከኦይስተሩ ክምር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በደለል ቀብሮታል፤ ዓሣ የሚሰበሰብበት ቦታም በዚያው ተቀይሯል። ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ የያዘ ሰው ነው ካፒቴን የሚባለው።

አንድ ጧት የሆነውን ልንገራችሁ። ከሳን ሊየን ተነስተን ወደ ምሥራቅ እየሄድን ነው። ካፒቴኑ በድንገት ሞተሩን አጠፋና አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዞረ። «ሸተታችሁ?» አለን። ሐብሐብ! መሀል ውሃ ላይ፣ አሁን የተቆረጠ ሐብሐብ ይሸታል። ከዚያ ሰፌድ የምታክል ለስላሳ ቦታ አሳየን፤ ዙሪያው ሲንቀጠቀጥ እሷ ብቻ ዘይት እንደፈሰሰባት ጸጥ ብላለች። ትራውት ስብ ያላቸውን ትንንሽ ዓሦች ሲበላ ዘይታቸው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሽታው እሱ ነው። ሰፌድ ካከለች አሁን የወጣች ናት፣ ዓሣው እዚያው ከሥሯ ነው። ሜዳ የሚያክል ከሆነ ነፋስ ገፍቶት የመጣ ነው፣ የተነሳበትን ቦታ ወደ ነፋሱ ፈልጉ። ከነፋሱ በላይ ሆነን በዝምታ ተንሳፍፈን ወረድንባት፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የዕለቱን ጨረስን።

ሌላው ምልክት ወፍ ነው። በኦክቶበርና ኖቬምበር ሽሪምፑ ከረግረጉ ወጥቶ ወደ ባሕሩ ሲጓዝ ትራውት ከሥር ያሳድደዋል፣ ሽሪምፑ ወደ ላይ ይዘላል፣ ወፎቹ ከላይ ይወርዱበታል። ወፎቹ ውሃው ላይ ተቀምጠው ከሆነ ግን አትልፉ፤ ድግሱ አልቋል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን፣ ከዚያ ደግሞ ኦክቶበርና ኖቬምበር። ጁላይና ኦገስት ጎህ ሲቀድ ወጥቶ አራት ሰዓት ሳይሞላ መመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓሣውም ይደበቃል፣ እናንተም ትጠበሳላችሁ። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ የትልልቅ ዓሣ ወቅት ቢሆንም ቀኑን ሙሉ በብርድ ቆሞ አንድ ጊዜ መነካትን ይጠይቃል። ለጀማሪ አልመክረውም።

ፈቃድ ያስፈልገኛል? ካፒቴኑ አለው አይደል?

የእሱ ለእናንተ አይሠራም። ዕድሜው 17 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለጨው ውሃ የሚያገለግለውን ማለቴ ነው። የአንድ ቀን ፈቃድ ለቴክሳስ ነዋሪ 11 ዶላር፣ ከሌላ ስቴት ወይም ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ 16 ዶላር ነው። በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ከወጣችሁ ለነዋሪ የዓመቱ 35 ዶላር ያዋጣል፤ የሚያገለግለው እስከ ኦገስት 31 ስለሆነ ጁላይ ላይ አትግዙት። ኢንተርኔት ላይ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

ካፒቴን እንዴት ልምረጥ?

ሁለት ወረቀት ጠይቁ፦ የኮስት ጋርድ የካፒቴንነት ፈቃድና የቴክሳስ የዓሣ ጋይድነት ፈቃድ። ያለው ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። አብዛኞቹ የያዙት የኮስት ጋርድ ፈቃድ ከ6 ከፋይ በላይ አያስጭንም፤ እንዲያውም እነዚህ ጠፍጣፋ የቤይ ጀልባዎች ላይ አራት ሰው ዘንግ ሲወረውር ራሱ ይጠባል።

አንድ ጊዜ ርካሽ አገኘን ብለን ከአንድ ሰው ጋር ወጣን። ስለ ወረቀቱ ስንጠይቀው ሳቀ። ቀኑን ሙሉ የራሱን ዘንግ ይዞ ሲያጠምድ ዋለ፣ እኛ የተጠላለፈ ክር ስንፈታ ዋልን። ከዚያ ወዲህ በስልክ መጀመሪያ የምጠይቀው «አንተም ታጠምዳለህ ወይስ ታስተምረናለህ?» የሚለውን ነው። በሕይወት ባለ ሽሪምፕ ወይስ በላስቲክ ዓሣ እንደሚያጠምድም ጠይቁት። ለጀማሪ ሽሪምፑ ይሻላል።

ዘንግ ይዤ አላውቅም። እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ጀማሪ የሚሰጠው ሽሪምፕ ከሥሩ የተንጠለጠለበት ኮርክ ነው። ወርውራችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ዘንጉን ነጠቅ ስታደርጉት ኮርኩ «ጷ!» ብሎ ውሃ ይረጫል፤ ትራውቱ ሌላ ዓሣ እየበላ መስሎት ይመጣል። ነጠቅ፣ ዝም፣ ነጠቅ፣ ዝም። ኮርኩ ሲሰምጥ ክሩን ጠቅልሉ።

ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የትራውት አፍ ስስ ነው፣ ወረቀት በሉት። ልጅ ሆነን ከአዋሽ አምባዛ ስንጎትት እንደነበረው በሙሉ ጉልበት ከመነጨቃችሁ መንጠቆው ቀዶ ይወጣል። የመጀመሪያ ቀን አራት ዓሣ እንዲህ አጥቻለሁ፤ አምስተኛውን ጀልባው አፋፍ ላይ አድርሼ መረቡ ሳይመጣ በክሩ ላነሳው ስል አጣሁት። መረቡን ጠብቁ። ከተያዘም በኋላ ዘንጉ ጎበጥ እንዳለ ይቆይ፣ ክሩ አይላላ።

ዋና አልችልም፤ ባሕርም ያዞረኛል።

ውሃው ከክፍቱ ባሕር የተከለለ ስለሆነ ማዕበሉ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ ባሕር ላይ ወጥተው ያስታወካቸው ሰዎች እዚህ ደህና ይውላሉ። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አለ። ዋና የማይችል ሰው ጀልባው ቆሞም ቢሆን ይልበሰው፣ ማንም አይስቅም። ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ጀልባው ሲንቀሳቀስ መልበስ በሕግ ግዴታ ነው።

ምን ይዘን እንምጣ? ምግብስ?

ኮፍያ፣ ውሃው ውስጥ የሚያሳይ ጥቁር መነጽር፣ እጀ ረጅም ስስ ሸሚዝ፣ ውሃ፣ ጫማችሁ ሥሩ ነጭ የሆነ። ጥቁር ሶል ጀልባውን ያቆሽሻል፣ ካፒቴኑ ባይናገርም ያያል።

ምግብ ላይ ምክሬ ደረቅ ነገር ነው፦ ጥቅል እንጀራ በደረቅ ጥብስ፣ ዳቦ፣ ቆሎ። ፍርፍር ይዞ የመጣ አለ፤ ነጭ ጀልባ ላይ ሲደፋ የሆነውን አልናገርም። በርበሬ በነካ እጅ ዓይን ማሸትም እዚያ መሀል ውሃ ላይ መድኃኒት የለውም።

ሙዝ ግን አታምጡ። የምሬን ነው። የዚህ አገር ዓሣ አጥማጅ ሙዝ ጀልባ ላይ ከወጣ ዓሣ አይያዝም ብሎ ያምናል፤ አንዳንዱ የሚስቅ መስሎ ወስዶ ይጥለዋል። እኛም ስንት የምናምነው ነገር አለ።

ከጀልባ ወርዶ በእግር እየሄዱ ማጥመድ አለ ይባላል።

አለ፤ ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ። ከሁሉም እሱን እወዳለሁ፣ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ስቲንግሬይ የምትባል ጠፍጣፋ ዓሣ ናት፦ ጭቃው ውስጥ ተኝታ ሲረግጧት በጅራቷ እሾህ ትወጋለች። እግር ሳይነሳ መሬት ለመሬት እየጎተቱ መሄድ ነው፤ ስትነካት ትሸሻለች። ከወጋች ቁስሉን ቆዳ በማያቃጥል መጠን የሞቀ ውሃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል፣ ከዚያ ሐኪም ቤት።

ሁለተኛው አይታይም። በበጋ ሞቃቱ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በክፍት ቁስል ከገባ በሰዓታት ውስጥ እግር ወይም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። እግራችሁ ላይ ቁስል ካለ፣ የጉበት ሕመም ካለባችሁ ወይም ስኳራችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ከጀልባው አትውረዱ። ይህን ካፒቴኑ ካልነገራችሁ እኔ ነግሬያችኋለሁ።

ፊሌቶው ውስጥ ነጭ ትል አገኘሁ! ልጣለው?

አትጣሉት። ትላልቆቹ ትራውት ሥጋ ውስጥ የፓስታ ክር የመሰለ ነጭ ትል ይገኛል። እውነቱን ለመናገር የኮሶ ዘመድ ነው፤ እዚህ ያለው እጭ፣ ገና ያላደገ ነው፣ የሚያድገው ግን ሻርክ ሆድ ውስጥ እንጂ ሰው ሆድ ውስጥ አይደለም። በቢላ ጫፍ ሳብ አድርጎ ማውጣት ነው፤ ሳይታይ ቢቀርም ከዓሣው ጋር ይበስላል። ባለቤቴ ግን ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላም ፊሌቶውን ወደ መስኮት ከፍ አድርጋ በብርሃን ሳታይ አትነካም።

ጥሬውን በዳጣ ብንበላውስ? ሐዋሳ አሞራ ገደል እንበላ የለ?

ይሄኛውን አይሆንም። ሞቃት ውሃ ነው፣ ቪብሪዮውን አሁን አውርተናል። አብስሉት።

የፋብሪካ ውሃ አይደለም እንዴ? ይበላል?

የሚገባ ጥያቄ ነው። የመርከቡ ቦይ ዳር ዳሩን በነዳጅ ማጣሪያና በኬሚካል ፋብሪካ የተሞላ ነው፤ ሳን ሃሲንቶ ወንዝ ዳር በ1960ዎቹ የወረቀት ፋብሪካ ዝቃጭ የተጣለበት ጉድጓድም አለ። የቴክሳስ ጤና መሥሪያ ቤት ከላይኛው ቤይና ከመርከቡ ቦይ በሚወጡ ትራውት፣ አምባዛና ሸርጣን ላይ ዳዮክሲንና ፒሲቢ በሚባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ምክንያት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡና ሊወልዱ የሚችሉ ሴቶች እንዲሁም ትንንሽ ልጆች ጨርሶ እንዳይበሉት፣ ሌላውም ሰው እንዲመጥን ይመክራል። እኛ ለመብል የምናጠምደው ከታች፣ ኢስት ቤይና ዌስት ቤይ ላይ ነው። ለካፒቴኑ ገና ስትቀጥሩት «የምንበላው ነው» በሉት። አምባዛውን የትም ቢያዝ እንለቀዋለን፤ ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉ አብረውን አሉ፣ ለሚበላውም ማስጠንቀቂያው እሱ ላይ ሰፋ ያለ ነው። ሲለቀቅ ደግሞ እሾሁን ተጠንቀቁ፣ መርዝ አለው።

የተረፈውን ለሐበሻ ሬስቶራንት መሸጥ ይቻላል?

አይቻልም። ቴክሳስ ውስጥ ከጠረፉ የተያዘ ትራውትና ሬድፊሽ መሸጥ ከ1981 ጀምሮ ክልክል ነው። ስጦታ ግን ይቻላል።

ነፋስ ቢነሳ ገንዘቤ ይመለሳል?

በአብዛኛው ካፒቴኑ ራሱ ከሰረዘ ቀኑ ይቀየራል ወይም ቀብዱ ይመለሳል፤ እናንተ ከቀራችሁ አይመለስም። ከመክፈል በፊት በጽሑፍ ይሁን። «ዛሬ አይሆንም» የሚል ካፒቴን ጥሩ ካፒቴን ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው? ጉላሽ ይሆናል?

ጉላሹ ላይ ይፈርሳል። የትራውት ሥጋ ለስላሳ ነው፣ ቆሮሶ አይደለም፤ ማማሰያ ሲነካው ገንፎ ይሆናል። ፍሪዘር ውስጥም ከከረመ ይልማል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ብሉት። እኛ ቤት ሁለት ዓይነት ነው የሚሠራው። አንዱ ጥብስ፦ ፊሌቶውን በሎሚ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሽቶ የበቆሎ ዱቄት አልብሶ በጋለ ዘይት፣ በዳጣና በሎሚ። ሁለተኛው ዱለት ነው፤ ሥጋው በቀላሉ መበተኑ እዚህ ይጠቅማል። ቀይ ሽንኩርት በዘይት ቁሌት ሳይጠቁር፣ ቃሪያ፣ ሚጥሚጣ፣ ከዚያ ደቆ የተከተፈውን ዓሣ ጨምሮ ነጣ እስኪል ብቻ።

ዓሣው እንደተያዘ በረዶና ውሃ ውስጥ መግባቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ጀልባ ወለል ላይ ሩብ ሰዓት በፀሐይ የተኛ ትራውት ማንም ባለሙያ አያድነውም።

ጭንቅላቱና አጥንቱስ?

ሕጉ ዓሣው መሬት እስኪደርስ ሳይቆራረጥ እንዲቆይ ያዛል፤ ስለዚህ የሚገነጣጠለው ወደቡ ላይ ባለው ጠረጴዛ ነው። ካፒቴኖቹ እጃቸው ፈጣን ነው፣ ሁለት ሦስት ቢላ አስነክተው ፊሌቶውን ያወጡና ጭንቅላቱን ከነአጥንቱ ፔሊካን ለሚባሉት ትልልቅ የባሕር ወፎች ይወረውሩላቸዋል። ለሾርባ የምትፈልጉ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት ንገሩት። ባለፈው እኛ ስንነግረው ስምንቱ ሄደው ነበር፤ ከአራቱ የወጣው ሾርባ ግን አምስት ሰው አጥግቧል።